የሉባባ ጸጉርና የኔ አምስተኛ ክፍል

ልጄ ሀያት መስታወት ፊት ቆማ ጸጉሯን ስትቀባ ሽታው ወልድያ ያለችውን ሁለት ክፍል ቤታችንን ሞላውና፣ የምልጠው ሽንኩርት ከነቢላው እጄ ላይ ቀረ። ጸጉሯ እንደ እኛ ቤት ሴቶች ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዓመቱን ሙሉ በፒያስትራ ስታስተኛው ከርማ ጫፉ ተሰነጣጥቆ፣ መሃሉ እየተበጠሰ ስላስቸገራት፣ አሁን ታጥባ ስትወጣ ኮንዲሽነር የሚሉትን ነጭ ቅባት እርጥቡ ላይ ከጫፉ ጀምራ ትቀባና በሰፊ ማበጠሪያ ቀስ አድርጋ ታወርደዋለች። እስከዚህ ድረስ ግድ የለኝም። ግን ቅባቱን አትታጠበውም።

«መቼ ነው የምትታጠቢው?» አልኳት።

«እማ፣ ይሄኛው እኮ አይታጠብም፤ ተቀብተሽ የምትተዪው ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ተጽፏል እኮ! ይልቅ እንዴት እንደለሰለሰ ንኪው፤ አይነክስሽም።»

ነካሁት፤ እውነትም ለስልሷል። እጄን ግን ቶሎ ሰበሰብኩ። «ተጽፏል እኮ» የምትለውን ቃል እኔም አንድ ቀን መርሳ ላይ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ተናግሬያታለሁና፤ ስድስተኛ ክፍልን ሳላይ የቀረሁትም በዚያች ቃል ምክንያት ነው።

የመርሳው ቤታችን ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ማንጎ ዛፎች መሃል ነበር፤ በሙቀት ጊዜ የወደቀው ማንጎ ሽታና የከባድ መኪኖቹ ናፍጣ ተደባልቀው ግቢያችን ድረስ ይገቡ ነበር። ቅዳሜ ከቀትር በፊት እናቴ እኔንና ታላቅ እህቴን ሉባባን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ለጋ ቅቤ አናታችን ላይ ትከምርብናለች፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ቁጭ ነው፤ ቅቤው እየቀለጠ በጆሯችን ሥር ሲወርድ፣ ዝንቡን በአንድ እጃችን እያባረርን በሌላው አንገታችንን እንጠርጋለን። በእኛ ቤት ሕግ ቅባት በቆየ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል፤ ቶሎ የታጠበ ሰው ቅቤውን ለወንዙ እንዳጠጣ ይቆጠር ነበር። የሉባባ ጸጉር ግን በቅቤም አይገራም። የሚዶው ጥርስ ውስጡ እየተሰበረ ሲቀር እናቴ አንድ በአንድ እየለቀመች፣ «ይሄ ጸጉር ነው ቁጥቋጦ? ወርጌሳዎች ሙሽራ መጣች ሲሉ ጫካ መጣላቸው!» ትላለች፤ ሉባባ ደግሞ ትስቃለች፣ ግን ዓይኗ እየረጠበ። ያኔ ወደ ጎረቤት ከተማ ወርጌሳ ልትዳር ሳምንት ቀርቷት ነበር።

በዚያ ሳምንት ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው አክስታችን በሰው እጅ ዕቃ ላከች፤ ውስጡ ጸጉር የሚያስተኛ ክሬም ነበረበት። ክዳኑ ላይ ጸጉሯ እንደ ውሃ የሚወርድ ሴት አለች፤ በአንድ ጎኑ ዐረብኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ ተጽፎበታል። አባቴ ከዐስር ሶላት መልስ ተቀበሉንና ቁርኣን በሚቀሩበት ዜማ የዐረብኛውን ጎን ፊደል ሳይስቱ አነበቡልን። እናቴ «እና ምን ይላል?» ስትላቸው፣ «እኔ ፊደሉን ነው የማውቀው፤ ነገሩን አላህ ያውቃል» ብለው ሳቁ፤ እኛም አብረን ሳቅን። አለማወቃቸው ማንንም አላስቀየመም።

በማግስቱ ጠዋት ተራው የኔ ሆነ። እናቴ ዕቃውን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ «በይ ሰዓዳ፣ አምስት ዓመት ያስተማርንሽ ለዚህ ቀን ነው» አለችኝ። የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ እጠራዋለሁ፤ የገባችኝ ግን ጸጉር የምትለዋ ቃልና 15 የምትለዋ ቁጥር ብቻ ነበሩ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ግን ጎረቤቶች ለሠርጉ ሊያግዙ መጥተው ከበውኛል፣ ክፍሌ ውስጥም ሁለተኛ የወጣሁ ልጅ ነኝ፤ አሁንም ድረስ ያንን አፌን እረግመዋለሁ።

«ተቀብቶ አስራ አምስት ሰዓት ይቆያል» አልኩ።

ሉባባ ክሬሙ አናቷ ላይ ተለስኖ፣ ላስቲክ ታስሮባት ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ብዙም ሳትቆይ «ያቃጥለኛል» አለች። እናቴ «ሙሽራ አይደለሽ? ቻይው» አለቻት። እህቴ ፊቷን ወደኔ አዞረች፤ «ሰዱዬ፣ እርግጠኛ ነሽ ግን?» አለችኝ። ያልኳት ያችኑ ቃል ነው፤ «ተጽፏል እኮ!» ጥርሷን ነክሳ ቆየች። እኔን አምና ነው የቆየችው። የቀትሩ ዙህር ሶላት ሳይደርስ እየጮኸች ተነሣች፤ ውሃ ስናፈስባት ጸጉሯ እንደ ራሰ ገለባ በእናቴ መዳፍ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቷል፣ አንዳንድ ቦታም ተልጧል።

ሠርጉ አልቀረም። አናቷን በሁለት ሻሽ ጠቅልለን ዳርናት፤ ባሏም ደግ ሰው ነው፣ ነገሩን አንድ ቀን አላነሣባትም። አስራ አምስት ደቂቃ መሆኑን አክስቴ በስልክ የነገረችን ሙሽራይቱ ከሄደች በኋላ ነው።  መስከረም ላይ ምዝገባ ሲጀመር ደብተሬን ይዤ ስወጣ አባቴ ከበር መለሱኝና፣ «አምስት ዓመት ተምራ አንዲት ዕቃ ማንበብ ካቃታት፣ እናቷን ታግዝ» አሉ። መምህሬ ቤት ድረስ መጥቶ ለመናቸው፤ ማንጎ አቀረቡለት፣ በአክብሮት ሸኙት፣ ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም። «አብዬ፣ አንቱም እኮ አንብበው አልገባዎትም» የሚል ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ የማንጎውን ልጣጭ ሰብስቤ ወጣሁ። የሉባባ ጸጉር ከሁለቱ የግንባሯ ጎን በቀር በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ በቀለ። የኔ ወንበር ላይ ግን ሌላ ልጅ ተቀመጠችበት፤ ሁለተኛ እየወጣሁ እበልጣቸው ከነበሩት ልጆች ዛሬ አንዷ ነርስ፣ አንዱ የወረዳ ሠራተኛ ናቸው፤ እኔ ለልጄ ትምህርት ቤት ወረቀት ስፈርም እንኳ ስሜን ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ ነው።

አባቴ ካረጁ በኋላ ለሕክምና ወልድያ እኔ ጋ መጥተው ከረሙ። አንድ ቀን ከመድኃኒት ቤት የመጣላቸውን ኪኒን የያዘ ወረቀት ከረጢት ዘረጉልኝና፣ «ሰዓዳ፣ ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አሉኝ። በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይላል።

«አልችልም፣ አብዬ» አልኳቸው።

«አምስተኛ ድረስ ተምረሽ የለም?»

«አምስተኛ ድረስ ነዋ።»

ከረጢቱን ከዓይናቸው አስጠግተው ትንሽ አዩትና ኪሳቸው ከተቱት። በማግስቱ ጠዋት ከኪሳቸው አውጥቼ አንድ ፍሬ ከውሃ ጋር ሰጠኋቸው፤ ማታም አንድ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ ነበርን። ፍሬውን አፋቸው ውስጥ አድርገው፣ ውሃውን ሳይጠጡ ትንሽ ያዩኛል። ማን እንዳነበበልኝ ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም።