እግሯ ፔዳሉ ላይ ሳለ

ያን ቀን ነፋሱ ከማለዳ ጀምሮ ዕረፍት አልሰጥ ብሎ ነበር። የጋራዡን የቆርቆሮ በር ያንገጫግጫል፣ የመንገዱን አቧራ አንሥቶ ሰው ፊት ላይ ይበትናል። ሞተር ከፍቶ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የባሰ ቀን የለም። እትዬ ሞተር በሩን ከውስጥ ሸጎረችው፤ ከቤት ያመጣችውን አሮጌ አንሶላ ከጣሪያው ሽቦ ላይ አንጠልጥላ መኪናዋን እንደ አራስ ጋረደቻት።

“እትዬ ሞተር” ያሏት ደንበኞች ናቸው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ ኋላ ስሟ ሆኖ ቀረ። የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በጋራዡ የሚያግዛቸው ሰው ጠፋ። ታላቅ ወንድሟ ትምህርቱን ይጨርስ ተባለና እሷ ከትምህርት ቤት ወጣች። ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። ጊዜው ሄደ፣ እሷ እዚያው ሸበተች። ወንድሟ ተምሮ ተምሮ ተመልሶ የመጣው ወደዚያው ጋራዥ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ወንበር ላይ፣ እሷ መኪና ሥር መሆናቸው ነው።

መኪናዋ የአባቷ ነበረች። በዕድሜ ከእሷ የምትበልጥ፣ ክብ ክብ መብራት ያላት፣ ጥግ ላይ ቆማ የጎማ መደርደሪያ ሆና የኖረች መኪና ናት። አባቷ ሊሞቱ ሰሞን፣ እናትና ወንድም ባሉበት፣ “ለመንገድ ያበቃሻት ዕለት ያንቺ ናት” ብለዋት ነበር። እሷም ያንን ቃል ይዛ ኖረች። ሙሽሮች እንዲህ ያለች መኪና ይወዳሉ። አጥባ፣ ወልውላ፣ ራሷ እየነዳች ሙሽራ ታመላልሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም “ነይ ከሥር ግቢ” አይላትም። ሕልሟ ይኸው ነበር፤ ሌላ አልነበራትም።

ችግሩ ካምሻፍቱ ነው። በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚዞር ረጅም የብረት ዘንግ ነው፤ ዕንቁላል የመሰሉ ጉብታዎች አሉት፣ ቫልቮቹን በየተራ የሚከፍቱትም እነሱ ናቸው። የዚች መኪና ጉብታዎች ተበልተው ልሙጥ ሆነዋል። ብታስነሣትም እንደ ጉንፋናም ሁለት ሦስቴ አስላ ትጠፋለች። ለእንዲህ ያለች አሮጊት ደግሞ ዕቃው እንደ ልብ አይገኝም። ስትጠይቅ፣ ስታፈላልግ ዓመታት አለፉ።

ታዲያ አንድ ቀን ወንድሟ በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ገባ።

“እንኪ እህትዓለም፣ አንቺ ያላገኘሽውን እኔ አገኘሁልሽ።”

ፈትታ ብታየው አዲስ ካምሻፍት ነው፣ ከነቫልቭ መግፊያዎቹ።

“ጋሼ፣ ከየት አመጣኸው?”

“ምን ቸገረሽ? አንቺ ብቻ ሥሪ።”

ትከሻውን ሳመችው። ዓይኗ እንባ ማቅረሩን እንዳያይባት ፊቷን በዘይት እጇ ጠረገችና ጠቆረች፤ እሱም ሳቀባት።

ሥራውን በቀስታ ያዘችው። ራዲያተሩን አወረደች፣ የፊት ሽፋኑን ፈታች፣ ሰንሰለቱን አወለቀች፣ አሮጌውን ዘንግ እንደ እሾህ ቀስ አድርጋ ሳበችው። አዲሱን ስታስገባ ትንፋሿን ውጣ ነበር፤ ጉብታው የሚያልፍበትን ቀለበት ከጫረ ድካሙ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። ጉብታዎቹን በወፍራም ቅባት ለወሰች፣ ምልክቱን ከምልክቱ አገጣጠመች። ያን ነፋሻ ቀን የቀራት ክዳኑን ዘግታ ማስነሣት ብቻ ነበር።

አዲስ ካምሻፍት አመል አለው። መጀመሪያ የተነሣ ጊዜ ሞተሩ ለዘብ ብሎ እንዲዞር መተው አይገባም። አንድ ሰው መሪው ኋላ ተቀምጦ፣ ፔዳሉን ረግጦ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሞቅ አድርጎ ማቆየት አለበት፤ ዘይቱ ጉብታዎቹ ላይ በደንብ የሚረጨው ያኔ ነው። እግሩን ካነሣ አዲሱ ብረት እዚያው ይበላል። አባቷ ይህንን ሁለቱንም ልጆቻቸውን አስተምረዋል። በዚያ ጋራዥ እንዲህ የተቀመጠ ሰው ውኃ እንኳ ቢጠማው በመስኮት ነው የሚቀበለው።

ከቀትር በኋላ ጭሱ እንዲወጣ በሩን ከፈተች፣ ገብታ ተቀመጠች፣ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ ጉርር አለችና ተነሣች። ሳል የለ፣ ማስነጠስ የለ። ወንድሟ ከቢሮው ብቅ አለ።

“ተነሣች?”

“ትሰማት የለ እንዴ፣ ጋሼ።”

“እግርሽን እንዳታነሺ።”

“አንተ ደግሞ፣ ለእኔ ነው የምትነግረኝ?”

ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ። ሲመለስ ከመንገዱ ማዶ ክሊኒክ ያላቸውን የጥርስ ሐኪም አስከትሎ ነበር።

“ይኸው ዶክተር፣ ቃሌን ጠበቅሁ አይደል?”

ሐኪሙ ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። “ያስመጣሁት ዕቃ ልክ ሆነ ማለት ነው።”

“ልክ ነው እንጂ። ከዛሬ ጀምሮ የርስዎ ናት።”

እትዬ ሞተር በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። “ጋሼ፣ ምንድን ነው የምትሉት?”

“ኋላ እንነጋገራለን። ሥራሽን ጨርሺ።”

“አሁን ንገረኝ።”

“ዶክተር ከገዟት ቆዩ። ዕቃውም የሳቸው ነው።”

“አባዬ ያለውንስ?”

“አባዬ በሽተኛ ነበር፤ በሽተኛ የማይለው ነገር አለ?”

ሐኪሙ ቅር አላቸው። “እሳቸው አያውቁም ነበር እንዴ?”

“ታውቃለች። እህቴ ቀልድ ትወዳለች።”

ይህን ሲል ፊቷን አላያትም። የሚያየው እግሯን ነው። ያኔ ገባት። ቀድሞ ቢነግራት ቡሎን አትነካም ነበር። ቆይቶ ቢነግራት ደግሞ መኪናዋን ይዛ በበሩ ትወጣ ነበር። ጊዜውን መርጦ፣ ወንበሩ ላይ ተቸንክራ ሳለ መጣባት። አባታቸው ያስተማሯቸውን አንድ ትምህርት ሁለቱም አልረሱትም።

እጇ የበሩን መክፈቻ ጨብጧል። እግሯን ብታነሣ ሁሉም ነገር አፈር ይበላ ነበር፤ የሐኪሙ ዕቃም፣ የወንድሟ ቃልም፣ መኪናዋም። ደግሞ እኮ ጉዳቱ ዛሬ አይታይም፤ ብረቱ መበላቱ የሚታወቀው ውሎ አድሮ ነው። እግሯ ግን አልተነሣም። እየነዘራት፣ እየደነዘዘ፣ ጊዜው እስኪሞላ ረገጠች። ምነው አልለቀቅሽውም ብለው ኋላ ሲጠይቋት፣ “ካምሻፍቱ ምን አደረገኝ?” ነው ያለችው።

ሁለቱ ወንዶች በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አጥፍታ ወረደች። ቁልፉን ሐኪሙ እጅ ላይ አስቀመጠችና እያነከሰች ወጣች።

ቤት ስትደርስ እናቷ የታጠበ አንሶላ ታጥፋለች።

“እማዬ፣ ታውቂ ነበር?”

እናቷ ማጠፏን አላቋረጠችም። “ወንድምሽ ነው፤ ምን ላድርግ? ‘ከነገርሻት አትሠራትም’ አለኝ።”

“እውነቱን ነው። አልሠራትም ነበር።”

“በይ ተይው እንግዲህ። አንቺ ቻይ ነሽ።”

“ቻይ ነሽ” የተባለችው ከትምህርት ቤት የወጣች ዕለትም ነበር። ተቀምጣ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘችላት።

አሁን ከከተማው ዳር ባለ የአውቶቡስ ጋራዥ ተቀጥራ ትሠራለች። አውቶቡሶቹ የእሷ እንዳልሆኑ አሠሪዎቿም መጀመሪያውኑ ያውቃሉ፣ እሷም ታውቃለች። ከእናቷ ጋር እዚያው ቤት ትኖራለች፤ ወንድሟ ሲመጣ ሰላም ትለዋለች፣ ወንበርም ትሰጠዋለች።