ነጻ የተባለው እጅ

እህቴን ደንበኞቻችን በሙሉ «እትዬ መርፌ» ይሏት ነበር። እሷ የተከለችው ቁልፍ አይወልቅም። ኮቱ ያልቃል፣ ገበሩ ይበጣጠሳል፣ ክርኑ ይሳሳል፣ ቁልፉ ግን እንደተተከለ ይቀራል። አንድ ጡረተኛ ደንበኛችን አሮጌ ኮቱን ጥሎ ቁልፎቹን ብቻ ነቅሎ ሊያመጣልን ፈልጎ ግማሽ ቀን እንደታገለ ሲያወራ፣ እሷ በሳቅ ፈርሳ ነበር።

እኔ ቆራጭ ነኝ። አፌ ከመቀሴ አይተናነስም ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ሱቃችን ከአንድ የቆየ ሕንጻ ደረጃ ሥር የገባች ጠባብ ክፍል ናት፦ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥጉ የተሸረፈ የቁም መስተዋት። ሰው ልብስ ሊለካ ሲገባ ከሁለታችን አንዳችን ውጭ መቆም አለብን። መኪናውን ሁለታችንም እንነዳለን። የእጅ ሥራው ግን፣ ቁልፉ፣ ቅምቅማቱ፣ የኮሌታው የውስጥ ስፌት፣ የእሷ ነበር። እኔ ቁልፍ ስተክል ያየ ሰው ልብሱን ይዞ ይሮጣል።

ነገሩ የጀመረው በጠዋት ነው። እንደ ወትሮው ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች፣ ግን እስከ አራት ሰዓት መርፌ አትነካም። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ቀድታ ሁለት እጇን ነክራ ትቀመጣለች። የጣቶቿ ሥር፣ ከመዳፏ የሚገናኙበት ቦታ፣ በሁለቱም እጆቿ እኩል አብጦ ነበር።

«ጠዋት ጠዋት እጄ የእኔ አይደለም» አለችኝ። «ታዘዝ ብለው እንኳ አይታዘዝም።»

«እኔም ጠዋት ጠዋት ራሴ የእኔ አይደለም፤ ግን ሥራ እገባለሁ» አልኳት። ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ!

መካሪ ሞልቷል። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤታችን «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ» አለቻት። ሥጋ ተወች። የጡረተኛው ሚስት «ብርድ ነው፣ በሱፍ ጠቅልዪው» አለቻት። ጠቀለለች። በወሩ ሥጋም ሱፍም ዋጋ እንደሌላቸው ታየ፤ ያኔ ነው ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት።

ሐኪሙ ሸምገል ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረጉ አዩና የደም ምርመራ አዘዙላት። እሷ ደም ልትሰጥ ስትገባ እኔን በሩ ላይ አቆሙኝ።

«ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል» አሉኝ። «ወረቀቱ ምንም ይበል ምን፣ ይዛችሁ ተመለሱ። ደም ሁሉን አይናገርም። መገጣጠሚያዋን በአልትራሳውንድ ማየት ሊያስፈልገን ይችላል። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ዶክተር» አልኩ። ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሐሙስ ውጤቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ጊዜው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ሳምንት የቀረው፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ የደንብ ልብስ የተቀበልንበት ጊዜ ነበር። የላብራቶሪው ልጅ በመስኮቱ ቀዳዳ ወረቀቱን እያሳለፈልኝ «ሁለቱም የመገጣጠሚያ ምርመራዎች ነጻ ናቸው» አለ። ቀጥሎም «ይቺኛዋ ቁጥር ብቻ ከፍ ብላለች፣ ለሐኪሙ አሳይለት» አለኝ። እኔ «ነጻ» ከሚለው በኋላ ያለውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ነበር። የሐኪሙ በር አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ደጁ ላይ ብዙ ሰው ተቀምጧል። ቆም ብዬ አየሁትና ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።

ሱቅ ስደርስ ከበሩ ጀምሬ ጮህኩ። «ነጻ ነሽ! እትዬ፣ ነጻ ነሽ ተባልሽ!»

አንድ እጅጌዋ በስፒል የተያያዘ ደንበኛ መስተዋቱ ፊት ቆማ ነበር፤ እሷ እንኳ አጨበጨበች። ነጻ የሚለውን ቃል የማይወድ ማን አለ? ከእስር የተፈታም ነጻ ነው፣ ከበሽታ የዳነም ነጻ ነው። እህቴ ወረቀቱን ተቀብላ ገለባበጠችውና ቀና አለች።

«ታዲያ ለምን ያመኛል?»

«ሐሳብ ነው» አልኳት። «ደምሽ ምንም የለበትም። ደም አይዋሽም።»

«ሐኪሙስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ነጻ ናት አሉ።»

አፌን በቆረጠው! ለመዋሸት አስቤም አይደለም። እንዲያው ሥራው ይበልጥብኝ ነበር። የደንብ ልብሱ ሲያልቅ እመለሳለሁ እያልኩ ለራሴ ቃል ገባሁ። የደንብ ልብሱ አለቀ፣ የብርድ ጊዜ ኮት ተተካ፤ ብርዱ ሲያልፍ እኔው ራሴ «ነጻ ናት» የሚለውን አምኜው አረፍኩ። ውሸት ደጋግመህ ስትናገረው መጀመሪያ የምታሳምነው ራስህን ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። እህቴ መርፌውን በሁለት ጣት ጫፍ መያዝ ሲያቅታት በጣቶቿ ጎን መያዝ ለመደች። ጎኑ ሲያቅታት በጥርሷ መሳብ ጀመረች። እኔ ደግሞ «ነጻ የተባለ ሰው እንዲህ ይሆናል?» እላታለሁ፣ ሰው ፊት። አንዴ ለደንበኛ «የእኛ እትዬ መርፌ ዝጋለች» ብዬ ቀለድኩ። ደንበኛዋ ሳቀች። እህቴም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ ውጭ ወጥታ ለረጅም ጊዜ ቆየች።

የባሰው ግን እኔን ማመኗ ነው። ጠዋት ከሳፋው አጠገብ ተቀምጣ «ተነሺ አንቺ ሰነፍ፣ ምንም የለብሽም» ብላ ራሷን ስትቆጣ ሰምቻታለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ ግን አልደበቀችም። የደበቅሁባት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ረፍዶብኝ ስደርስ ዝናቡ ላይዋ ላይ እየወረደ የሱቁ በር ላይ ቆማለች። የበሩ ቁልፍ ጓጉንቸሩ ውስጥ እንደገባ ተሰክቷል፤ ልታዞረው አልቻለችም። ኮት ልትለካ ቀጠሮ የነበራት አንዲት ነርስም ከእኔ እኩል ደረሰች። እኔ በሩን ስከፍት ነርሷ የእህቴን እጅ ይዛ ታየዋለች። ጣቶቿ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ማዘንበል ጀምረዋል።

«ይሄን እጅ ማን አየልሽ?» አለቻት።

«ታይቷል፣ ነጻ ነው» አለች እህቴ።

ነርሷ ኮቷን ሳትለካ ወዲያው የመገጣጠሚያ ሐኪም ስም ጽፋ ሰጠችን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በሳምንቱ ሱቅ ዘግቼ ወሰድኳት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ክፍሉን ጨለም አድርጋ እህቴን አስቀመጠቻት፣ እጇ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አፈሰሰችና የአልትራሳውንዱን ማሽን ጭንቅላት ጣቶቿ ሥር ላይ ቀስ እያለች ትገፋ ጀመር። ስክሪኑ ላይ ግራጫና ጥቁር ነገር ይንቀሳቀሳል።

«ይሄ ነጭ መስመር የአጥንቱ ጠርዝ ነው» አለች። «ቀጥ ማለት ነበረበት። እዚህ ጋ ጎድጉዷል፣ አያችሁ? እዚህም። እዚህም። ተበልቷል።»

«ብል እንደበላው ጨርቅ» አለች እህቴ።

«ልክ እንደዚያ። ዙሪያው ያበጠው ደግሞ የመገጣጠሚያው ሽፋን ነው።» አንድ ነገር ስትጫን ስክሪኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ቦግ ቦግ አለ። «ይሄ ቀይ፣ ደም እየጎረፈበት ነው። ቁጣው ዛሬም አልበረደም።»

እኔ ዝም ብል ምን ነበረበት! «ደሟ እኮ ነጻ ነው» አልኩ።

ሐኪሟ ዞር ብላ አየችኝ። «ነጻ ማለት የፈለግነው ምልክት ደሟ ውስጥ አልተገኘም ማለት እንጂ በሽታው የለም ማለት አይደለም። ይሄ የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታ ካለባቸው ከአምስት ሰዎች የአንዱ ያህል ደም አይናገርም። ለዚህ ነው እጁንም የምናየው። ያኔ በአልትራሳውንድ ቢታይ ኖሮ እብጠቱ ይታይ ነበር፣ አጥንቱም ገና አልተነካ ይሆናል። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲጀመር ነው የሚያዋጣው።»

እህቴ ይህን ሁሉ የሰማች አትመስልም። ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ፊቷ በርቶ ነበር፣ በእግዚአብሔር ስም፣ በርቶ ነበር!

«አየህ?» አለችኝ። «አየህ አይደል? አልዋሸሁም። ሰነፍ አይደለሁም።»

ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረች። «አሁን መድኃኒቱን ስወስድ ቁልፍ መትከል እችላለሁ?»

«የቀረውን እናድናለን» አለች ሐኪሟ። «የተበላው ግን አይመለስም። መርፌ መያዝ… ሌላ አያያዝ ትለምጂ ይሆናል።»

«በሌላ አያያዝ ቁልፍ አይተከልም፣ የኔ ልጅ» አለቻት እህቴ፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ ወጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታየዋለች። «እኚያ ሽማግሌ ሐኪም ነጻ ናት ባይሉ ኖሮ» አለች። «አይፈረድባቸውም፣ ሽማግሌ ናቸው።»

ይሄን መሸከም አቃተኝ። እሳቸው እንዳላሉ ነገርኳት። ወረቀቱ ምንም ይበል ምን ተመለሱ እንዳሉኝ፣ አልትራሳውንድ እንዳነሱ፣ በሩን አይቼ ወደ አውቶቡሱ እንደሄድኩ፣ ስለ ደንብ ልብሱ፣ ሁሉንም። ስናገር ወለሉን ነበር የማየው። ጨርሼ ቀና ስል እህቴ ተነስታ ኮቷን ለብሳለች፤ የመጀመሪያውን ቁልፍ ለማስገባት ትታገላለች። ጣቷ ቁልፉን ይገፋዋል፣ ቁልፉ ይንሸራተታል። ሦስት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ እጆቿን አውርዳ ቆመች።

ቀረብ ብዬ ቆለፍኩላት። ከላይ እስከ ታች አምስቱንም። ዓይኗ ከራሴ በላይ የሆነ ቦታ ነበር።

«ጨረሱ?» አለችኝ።

ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው። እንሂድ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎት።»

በአውቶቡሱ ውስጥ፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ነገ ይበርድላታል አልኩ። በሳምንቱ አልቅሼ ለመንኳት፤ «ስደቢኝ፣ በጥፊ በዪኝ፣ ብቻ አንተ በዪኝ» አልኳት። «ይተዉ እባክዎ፣ ሰው ይሰማል» አለችኝ።

መድኃኒቱ ሠርቷል። ከፍ ብላ የነበረችው የደም ቁጥር ወርዳለች፣ በየጊዜው ስንሄድ ስክሪኑ ላይ ቀዩ ነጠብጣብ እየጠፋ ሄዶ አሁን የለም። ሐኪሟ «በሽታው ተኝቷል» እያለች ደስ ይላታል። ጣቶቹ ግን እንደተጣመሙ ናቸው። እህቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሥራ ታያለች፣ ደንበኛ ታናግራለች፤ ቁልፍ የሚተክልልን ሌላ ሱቅ ነው፣ ቁልፉም ይወልቃል። «እትዬ መርፌ» የሚላት እየቀነሰ መጥቷል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ደንበኛ ልትለካ ገባች። ከእህቴ ጋር ስናወራ ስትሰማ ቆየችና ፈገግ አለች።

«ወንድምሽ ነው? እንዴት ነው የምታከብሪው! የእኔዎቹ ልጆች ቢያዩ» አለች። ወደ እኔም ዞር ብላ «የታደልክ ነህ» አለችኝ።

«አዎ፣ ታድያለሁ» አልኳት።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። «የሴትዮዋን ልኬት ይጻፉ እንጂ» አለችኝ።