አፍ የለውም ያልኩት አገር

የአገሬ ልጆች፣ በጃንሆይ ጊዜ ከቢቸና በወጣሁበት ንጋት ሚስቴ የሺ እስከ ጭነት መኪናው ድረስ ሸኝታኛለች። ሱሉልታ ላይ የልብስ ስፌቱ ከሠመረልኝ ለመስቀል ላመጣት ቃል ገባሁላት።

ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ብርዱ አንዘፈዘፈኝ። አንድ ረጅም ሰው፣ ትንሿ ጣቱ የሌለች፣ የለበሰውን ካፖርት አውልቆ ሸጠልኝ። እሱም እኮ ይንቀጠቀጥ ነበር!

«አገርህ እንዴት ነው?» አለኝ።

«የቢቸና ሰው ሁሉ እንግዳ ወዳድ ነው» አልኩት፣ ሁሉንም የማውቅ ይመስል። ሰውየው ወደ እኛ አገር አቅጣጫ፣ ወደ ዓባይ ቁልቁል ወረደ።

ሱሉልታ በጉም ተሸፍና ጠበቀችኝ። ሰላም ያልኩት ሁሉ ያማትባል። ገበያ ስገባ ጫጫታው ይቆማል፣ ሳልፍ ይቀጥላል። ጨርቅ ይዞ የመጣ ደንበኛ አንድም የለም። እኛ ጋ እንግዳ ሲያልፍ ሰላም ሳይባል ይቀራል? ፈራሁ።

አከራዬን ኦቦ ደቻሳን፣ «የዚህ አገር ሰው አይናገርም እንዴ?» አልኳቸው።

«ይናገራል» አሉ በሩን እንደያዙ። «አንተ ስትሄድ።»

ለየሺ ጻፍኩ፦ «የሱሉልታ ሰው አፍ የለውም።» እንድታዝንልኝ ብዬ ነበር።

አንድ ረፋድ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት መጥተው እጅጌዬን ያዙ። ክርኑ ላይ የተሰፋበትን ቀይ ክር ዳሰሱት።

«ይሄን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ባሌ ይሄን ለብሶ እንደወጣ ቀረ። ሬሳ ሳናገኝ አለቀስን።»

ስለ ሰውየውና ስለ ጣቱ ነገርኳቸው። መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

ኦቦ ደቻሳ ወደ ጓዳ ጎተቱኝ። «ዝም በል! ተዝካሩን በልተን ጨርሰናል። አሁን ምን ሊሆን ይነሳል?»

ካፖርቱን ለአዴ ጫልቱ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ሰላምታው መንገድ አላስኬድ አለኝ፦ «አካም ቡልቴ? ከብቱስ? ሚስትህስ ደህና ናት?»

ተሳስቻለሁ፣ ነይ ብዬ ለየሺ ጻፍኩ። የመለሱልኝ አባቷ ናቸው።

«ትንሽ ጣት የሌለው አንድ ረጅም ሰው ከሱሉልታ ነኝ ብሎ እኛ ዘንድ በእንግድነት ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰም። የጻፍከው እውነት መሆኑን በዓይናችን አይተናል። ልጄን እዚያ አልልካትም።»

መስቀል አለፈ። አዴ ጫልቱ ካፖርቱን ደርበው በበራፌ ባለፉ ቁጥር ቆመው ይጠይቁኛል።

«ያገርህ ሰው ሁሉ ደህና ነው?»

ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው።

«ሁሉም ደህና ነው» እላቸዋለሁ።