በአውቶቡስ የተለካ ሜዳ

የባለቤቴ ታላቅ እህት ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «ሾፌሯ» ይላታል፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። ርቀት የምትለካው በአውቶቡስ ነው። ገበያው «አርባ አውቶቡስ ቢሰለፍ ይደርሳል»፤ የእኔ ሳሎን ደግሞ «ግማሽ አውቶቡስ፣ ያውም ያለ ሞተሩ» ነው። ሳቂታ ናት። ስትቆጣ ግን ፍሬን እንደተያዘበት መኪና ባለችበት ቀጥ ትላለች።

እህቷ፣ ባለቤቴ፣ ከሞተች በኋላ ቤት መቀመጥ አልሆነላትም። እኔ ከመቀመጥ በቀር ሌላ አልሆነልኝም፤ እሷ ግን ጎህ ሲቀድ ወጥታ መንገድ ለመንገድ ትዞር ነበር። ጉልበቷን ያየው ሐኪም ቀለል ያለ ጨዋታ ፈልጊ አላት። ልጇን ልትጠይቅ በሄደችበት ከተማ ፒክልቦል የሚባለውን ተምራ መጣች። ከቴኒስ ሜዳ አነስ ባለ ሜዳ ላይ ዝቅ ያለ መረብ ይወጠራል፤ ከዚያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለባትን የፕላስቲክ ኳስ በጠፍጣፋ መምቻ እየመቱ መቀባበል ነው። ሩጫው ጥቂት፣ ወሬው ብዙ።

«እየተጫወቱ መሰዳደብ የሚቻልበት ጨዋታ ነው» አለችኝ። «ለእኛ ዕድሜ ተብሎ የተሠራ!»

ከሕንጻችን ጀርባ ድሮ አውቶቡሶች ይዞሩበት የነበረ አስፋልት አለ። መስመሩ ከተቀየረ ወዲህ የተሰበረ ወንበር መጣያና የድመት መዋያ ሆኗል። እሷ እዚያ ላይ ሦስት ሜዳ አየች። የነዋሪዎቹን ኮሚቴ ሰብስባ አሳመነች፤ አስፋልት የሚጠግን ባለሙያ አመጣች፤ ቀለሙን እንኳ መርጣ ጨረሰች። ኮሚቴው ያሰራት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዳቦ ጋጋሪው ይስማማ።

ዳቦ ጋጋሪው ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራል። ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ይተኛል። የእኔ መስኮቶች ወደ መንገዱ ሲያዩ የእሱ መኝታ ቤት ግን በቀጥታ አስፋልቱን ያያል። ሄደን ስንጠይቀው ዱቄቱ ከቅንድቡ ሳይለቅ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠን።

«እትዬ፣ ጨዋታውን አልጠላሁም» አለ። «ግን እናንተ ስትጫወቱ እኔ እተኛለሁ። እንቅልፍ ያጣሁ ቀን እጄን ምድጃ ውስጥ ነው የምረሳው።»

«ኳሷ እኮ ከላባ አትከብድም!»

«ላባ ሲመቱት አይጮህም።»

«እንሞክረዋ! እኔ እመታለሁ፣ አንተ ተኝተህ ስማ።»

«ሰማሁ ብል ታኮርፊያለሽ፤ አልሰማሁም ብል ሌሊቱን ቆሞ ስላደረ ነው ይባላል።» ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ ይተኙልኝ። እሳቸው ካልሰሙ እኔም አልሰማሁም።»

ጫማዬን አውልቄ ሰው አልጋ ላይ ተጋደምኩ። መጋረጃው ወፍራም ነበር፤ ክፍሉ ጨለም ብሎ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ጋጋሪው ወጥ ቤት ሄዶ ሻዩን ይዞ ተቀመጠ። ከታች ጧ፣ ጧ፣ ጧ ማለት ጀመረ። በየመሐሉ ሳቋ ይሰማል።

ቀን በጨለመ ክፍል ውስጥ ከተጋደምኩ ቆይቻለሁ። ባለቤቴ በመጨረሻዎቹ ወራት እንቅልፍ የሚወስዳት ቀን ቀን ነበር። ያን ጊዜ ይህ ሰው ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ደረጃው ሥር አውልቆ በካልሲ ነበር በደጃፋችን የሚያልፈው። ማንም አልጠየቀውም።

የኳሷን ድምፅ ወድጄው ነበር፤ ደጅ ሰው እንዳለ ይናገራል። የተጠየቅሁት ግን ወደድከው ወይ ተብዬ አልነበረም።

ስወርድ መምቻዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ጠበቀችኝ።

«እህ?»

«ይሰማል።»

«ምን ያህል?»

«እንደሚንኳኳ በር። የተኛ ሰው ተነስቶ የሚከፍተው ዓይነት።»

«አንተን ደግሞ ማን ጆሮ ሰጠህ? ሬዲዮህ እኮ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ነው የሚሰማው!»

«ጠየቅሽኝ፣ መለስኩልሽ።»

«የእህቴ ባል ነው፣ የራሴ ሰው ነው ብዬ ነው ያስተኛሁህ።»

«እሱም አምኖኝ ነው ያስተኛኝ፣ እትዬ።»

ባለችበት ቀጥ አለች። ከዚያ ኳሷን ከአስፋልቱ ላይ አንስታ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ለሳምንት ያህል በሬን አላንኳኳችም፤ በሰበብ በአስባቡ የምታመጣልኝ ሾርባም ቀረ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ጋጋሪው ወደ ሥራው ከሄደ በኋላ፣ ከታች ጠራችኝ።

«ውረድ!»

ጠመኔና ገመድ ይዛ ሦስቱንም ሜዳ አስፋልቱ ላይ አስምራ ነበር። «እንዴት ልክክ ብለው እንደገቡ እይ። ለሰውየው መስኮት ድርብ መስታወት እናስገባለታለን። ሦስቱ ግን ሦስት ነው!» አለችና መምቻ አስያዘችኝ።

መጫወት ጀመርን። ራቅ ያለ ኳስ ላከችብኝ፤ ለመቀበል ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ስል ጀርባዬ ከአጥሩ ጋር ተላተመ። ደገመች፤ ክርኔን መታሁት። በተራዬ ወደ ጎን ስልክባት ተከትላ ሮጠችና ሁለተኛው ሜዳ መሐል ገብታ ቆመች።

«እትዬ፣ እዚያ ሰው ቢኖር ኖሮ ተጋጭታችሁ ነበር።»

መስመሮቹን ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው። በሜዳና በሜዳ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ስንዝር አይበልጥም።

«አቁሜያቸዋለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«ምኖቹን?»

«አውቶቡሶቹን! ሦስት አውቶቡስ አጠጋግቼ አቁሜ ወርጃለሁ።»

በሥራ ዘመኗ ሁሉ የምትኮራበት ይኸው ነበር፤ በሁለት አውቶቡስ መካከል ሦስተኛውን እጅ በማያሾልክ ክፍተት ታስገባለች። ተጫዋች ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ቦታ እንደሚያስፈልገው አላጣችውም፤ ራሷ ተጫውታበታለች። ገመዱን ስትይዝ ግን እጇ የለመደውን ሠራ።

የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

«እህቴ ይህን ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር» አለች።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ እኔ መምቻዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እሷ በጣቷ የጠመኔውን መስመር ታብሳለች። ቆይታ ተነሳችና መጥረጊያና ውኃ አምጣ አለችኝ።

ሦስቱ ሁለት ሆኑ። ዙሪያቸውን ሰፋ አድርገን ከጋጋሪው መስኮት አርቀን፣ የቆሻሻ ገንዳዎቹ ወደነበሩበት ወዲያኛው ጫፍ ወሰድናቸው። በዕረፍት ቀኑ ጋጋሪው ራሱ ተኝቶ አዳመጠና በመስኮቱ ብቅ አለ።

«አሁንም ይሰማል» አለ። «ግን የሚንኳኳው የሌላ ሰው በር ነው።»

ቢሆንም እስኪነቃ ድረስ እንዳንጀምር ለመነን፤ ምልክቱ መጋረጃው ሲከፈት እንዲሆን ተስማማን። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ጡረተኛ መምህር አጉረመረሙ።

«የእኛ አጥንት የሚፍታታው ጠዋት ነው።»

«ከሰዓትም ይፍታታል፣ ጋሼ። አጥንት ሰዓት አያይም» አለች፣ ዕድሜዋን ሁሉ ጎህ ሳይቀድ የተነሳችው ሴት።

ባለሙያው ስንጥቁን ሞላ፤ ውኃ በባልዲ እያፈሰሰ የት እንደሚያቁር አይቶ አስተካከለ፤ ሁለት ጊዜ አረንጓዴ ቀለም ቀባ። እትዬ ቀለሙ እስኪደርቅ ድመቶቹን ስታባርር ሰነበተች። አንዷ ግን አምልጣት የእግሯን ዱካ ከመረቡ ሥር ትታለች።

በመጀመሪያው ቀን ምሳችንን ቀደም ብለን በልተን፣ የጫማ ክራችንን አጥብቀን አግዳሚው ላይ ተደረደርን። የምሳ ሰዓት አለፈ። የሕንጻው ጥላ መጥቶ መረቡን ነካ። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው።

«ሄጄ ላንኳኳ?» አሉ መምህሩ።

«ይቀመጡ! ሥራ ተደርቦበት ይሆናል» አለች እትዬ።

«ታዲያ እስከ መቼ?»

«እንቅልፍ እስኪጠግብ።»

መምህሩ ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው እርዳታ ጠየቁኝ፤ እኔ የድመቷን ዱካ አየሁ። እሷ መጋረጃው ላይ እንዳፈጠጠች ኳሷን በመዳፏ ታገላብጣለች። ኳሷ ድንገት ሾልካ አስፋልቱ ላይ ልታርፍ ስትል ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ቀለበቻት፤ ለመተማመኛም ሹራቧ ውስጥ ከተተቻት።