በርዝመት ነው

ጀልባዎች በሚያልፉበት ቦይ በር ላይ ዓመታዊውን የጀልባ ክፍያ የሚሰበስበው ሰውዬ፣ የሚያውቃትንም ጀልባ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይለካታል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሜትሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋል፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

«እኔ በዓመት ሁለቴ ብወጣ ነው! በየቀኑ ከሚመላለሰው እኩል የምከፍለው በምን ዕዳዬ ነው?» ብሎ አንድ ባለጀልባ ጮኸበት።

«ክፍያው በርዝመት ነው፣ ጌታዬ።»

ከቢሮው ጀርባ አንዲት ጀልባ ተደፍታ ሣር ወርሷታል። ሆዷ ላይ ግን የዘንድሮው የክፍያ ወረቀት በአምናው፣ የአምናው በካቻምናው ላይ ተለጥፏል።

ጀልባዬን ለማስለካት ተራዬን ስጠብቅ፣ «ይቺስ የማን ናት?» አልኩት ሰብሳቢውን።

«የወንድሜ። እኔ ነኝ የምከፍልላት።»

«እሱ አይወጣባትም?»

«ከሞተ ስድስት ዓመቱ» አለ፣ ሜትሩን እየጠቀለለ። «ርዝመቷ ግን ያው ነው።»