የእናቴ ፎቶ ሲነካካ

ከእናቴ የቀረን አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ያነሳኋት እኔ ነኝ። ለዓይኗ ልትታከም ሰቆጣ መጥታ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ወረፋ ስትጠብቅ በስልኬ አነሳኋት። ፀሐይዋ ፊት ለፊቷ ስለነበረች ግንባሯን ቋጥራለች። ነጠላዋ ወደ ኋላ ሸሽቶ የግንባሯ የመስቀል ንቅሳት ይታያል። «ምን ያደርግልሃል?» ብላኝ ነበር።

ከሞተች በኋላ፣ አርባዋ ሲቃረብ አባቴ ከሚኖሩበት ከጋዝጊብላ መጡና ፎቶዋን በትልቁ አሳጥበን እንድንሰቅልላቸው ጠየቁን። «ቤቱ ባዶ ሆነብኝ። ቀና ስል ፊቷን ባየው» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ከእህቴ ጋር የተጣላነው ያኔ ነው። እኔ መሬት ለኪ ነኝ። ባለቤቱ ተቆጣ ወይም አለቀሰ ብዬ የወሰን ድንጋይ ስንዝር አላንቀሳቅስም። ፎቶም ለእኔ እንደዚያው ነው። ብርሃኑን ትንሽ አስተካክላለሁ፣ ጥግ ላይ የገባ የሰው ትከሻ ካለ እቆርጣለሁ። ከዚያ አልፎ ፊት መነካካት ውሸት ነው ባይ ነኝ። እህቴ ደግሞ ሰቆጣ ውስጥ የሴቶች ጸጉር ቤት አላት። ሙሽሮችን ታስጌጣለች፣ ፎቷቸውንም በስልኳ አሳምራ ትልክላቸዋለች። «ሰው ፎቶ የሚነሳው እንዳማረበት ሊቀር ነው» ትላለች። እንጀራዋ ነውና አልፈርድባትም። እናታችንን ከሙሽሮቿ መደባለቋ ግን አናደደኝ።

ፎቶውን በላክሁላት ማግሥት አሳምራ መለሰችልኝ። የግንባሯ መጨማደድ የለም፣ ከዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረትም የለም። ስልኩ ንቅሳቱን እንደ እድፍ ቆጥሮ አብሮ ጠርጎታል። ወዲያው ደወልኩላት።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«እማዬ ናት። ትንሽ ድካሟን ቀነስኩላት።»

«አሁን ነው ድካሟ የታየሽ?» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁባት።

በመጨረሻ አባታችን ይፍረዱ ተባባልን። ሁለቱንም በትንሹ አሳጥበን ጋዝጊብላ ሄድንና አልጋቸው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋንላቸው። እኔ ተረጋግቻለሁ፤ አባቴ ሽንገላ አይወዱም። የእህቴን አነሱት። ወደ በሩ ወስደው በብርሃን አዩት፣ ቆዩበትም። አባቴ አማርኛ የሚናገሩት ከቢሮ ሰው ጋር ነው፤ ከእኛ ጋር በኽምጣና ነው የሚያወሩት። ያሉትን እንደምችለው ወደ አማርኛ ልመልሰው።

«ሳገባት እንዲህ ነበረች። ያኔ ፎቶ የሚያነሳ ሰው በዚህ አገር አልነበረም» አሉ። ቀጥለው እህቴን ጠየቋት፤ «መስቀሏ ግን የት ሄደ? እሱን መልሺልኝ። ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ነው።»

እኔ ዘልዬ ገባሁ። «አባ፣ መስቀሉ ከተመለሰ መጨማደዷም ይመለሳላ። እሱም የራሷ ነው።»

«የራሷ አይደለም» አሉ። «እሱን እዚህ ቤት ነው ያገኘችው። ስትመጣ አልነበረባትም። ልጅ ቀበረች፣ ክፉ ዓመት አሳለፈች፣ እኔንም ቻለች። ያመጣሁባት እኔ ነኝ፤ አንሱላት።»

ስንት የወሰን ክርክር ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። ያ ፎቶ ትክክል ነው አሁንም አልልም። ሆኖም ዕድሜ ልካቸውን የሚያዩት እሳቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

እህቴ የእኔን ፎቶ አጠገቧ አድርጋ፣ እያጎላች እያየች፣ መስቀሉን በጣቷ ስልኳ ላይ መልሳ ሳለችው። ጎበዝ ናት፤ የቀኙ ክንፍ ትንሽ ወደ ታች ማዘንበሉን እንኳ አልሳተችም። አሳጥበን፣ በፍሬም አድርገን ልንሰቅልላቸው ስንመጣ አባቴ በሩ ላይ ወጥተው ፀሐዩ ላይ ቆሙ። «እኔንም አንሳኝ» አሉኝ። አነሳኋቸው። እህቴ ስልኬን ልትቀበለኝ እጇን ስትዘረጋ አዩዋት።

«የእኔን እንዳትነኪ» አሏት።

አልተነካም። አሁን የእሳቸውና የእናቴ ፎቶ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። እኔ ያነሳኋት እናቴ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለች፣ ግንባሯን እንደቋጠረች። የምትናፍቀኝ እሷ ናት። ጋዝጊብላ ግን ቤቱን የማያውቅ እንግዳ ሲመጣ ግድግዳውን አየት ያደርግና «ልጅዎ ናት?» ይላቸዋል።

«ሚስቴ ናት» ይላሉ አባቴ። «ያረጀሁት እኔ ነኝ።»