ከግቢ ያልወጣው ቶርኖ ቤት

ብየዳ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት በያጅ ነኝ ብዬ ዋሽቼ ነበር የገባሁት። ቤቱ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር፤ ጋሽ ፍሬው የሚባሉ ሰው በርና መስኮት ይሠሩበታል። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጭንብልና ኤሌክትሮድ ሰጡኝና ሁለት አንጎላሬ ብረት አጋጥሜ እንድበይድ አዘዙኝ። በየድኩ። ላዩን ሲያዩት ያምር ነበር። ጋሽ ፍሬው በእግራቸው ገፋ ሲያደርጉት ለሁለት ተለያየ።

አልተቆጡኝም። የሽቦ ብሩሽ አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡና ዝገት ፋቅ አሉኝ። ስምንት ወር ዝገት ስፍቅ ኖርኩ። ከዚያ ረዳት፣ ከዚያ በያጅ፣ በኋላም ፎርማን ሆንኩ። እሳቸው ሥራ ሲያቆሙ ቤቱን ተረከብኩ። ስሜ ማርቆስ ነው። አሁን እኔም ዕድሜዬ ስለገፋ አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማዘው። ይህን የምጽፈው በሙያው ላይ ላላችሁ ነው። ንዴቴም ገና አልበረደልኝም።

ኮንቴይነር መሥራት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያው ፀጉር ቤት ሆነ፣ ሁለተኛው ፒያሳ አካባቢ ሞባይል መጠገኛ፣ ሦስተኛው ጁስ ቤት። ሰው ኮንቴይነርን እንደፈለገ የሚቀድደው ሳጥን ይመስለዋል። ክብደቱን የሚሸከሙት ግን አራቱ የማዕዘን ምሰሶዎችና ያ የተጣጠፈው የጎን ላሜራ ናቸው። ላሜራውን ቆርጣችሁ መስኮት ስታወጡ ዙሪያውን በወፍራም ቱቦላሬ ብረት ካላጠናከራችሁት ክሬን ሲያነሳው ወገቡ ይጎብጣል። ተቀምጦ ለሚቀር ሱቅ ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም። ለሚጓዝ ግን የሞት የሽረት ጉዳይ ነው።

አንድ ቀን ከአንድ የሙያ ማሰልጠኛ ተቋም ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ የፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ ያለ፣ ስልኩን ከጆሮው የማይነቅል ሰው ነው። ሌላዋ ማርታ ትባላለች፤ የተቋሙ የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ባለሙያ ነች፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሰላም ስትለኝ መዳፏ እንደኔው ሻካራ ነበር። ሥራ የምታውቅ መሆኗን ያኔውኑ ገመትኩ።

የፈለጉት ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ውስጥ የተሠራ፣ ቶርኖ፣ መብሻ ትራፓኖ፣ ብረት ማሰሪያ ሞርሳ፣ የብየዳ ማሽንና ጄኔሬተር የያዘ ተንቀሳቃሽ ወርክሾፕ ነው። በሎቤድ መኪና ተጭኖ ገጠር ይወርዳል፣ አንድ ቀበሌ ሦስት ወር ይቀመጣል፣ የተሰበረ ወፍጮና የውኃ ፓምፕ ይጠግናል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ማርታ አብራው ትዞራለች። የቅጥር ውሏ ራሱ የተጻፈው ለዚህ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ማረፊያ እሷ የተወለደችበት ቀበሌ ነበር። የወፍጯቸው ዘንግ ከተሰበረ ከርሟል። ሴቶቹ በቆሎ ተሸክመው ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር እየሄዱ ነው የሚያስፈጩት። አንድ ጊዜ ሀዋሳ ድረስ መጥተው አዲስ ዘንግ አስቀርፀው ነበር፤ ወስደው ቢሞክሩት አልገጠመም። የቀረፀው ሰው ዘንጉ የሚገባበትን ቦታ በዓይኑ አላየውማ። ቶርኖው እዚያው ወፍጮው አጠገብ ቢሆን ኖሮ ማርታ እየለካች፣ እየሞከረች፣ እስኪገጥም ትቀርፀው ነበር።

ሁለት ወር ሠራን። ማርታ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ በባጃጅ ትመጣና እንከራከራለን። የሥራ ጠረጴዛው ከፍታ ላይ ተከራክረናል፣ ሞርሳው በየት በኩል ይሁን በሚለውም ተከራክረናል፤ አብዛኛውን እሷ አሸንፋለች። ቶርኖውን ወለሉ ጣውላ ላይ ብቻ ማሰር ስላልፈለግን ከሥር ተጨማሪ ተሸካሚ ብረቶች በየድኩና በእነሱ ላይ በወፍራም ብሎን አጠበቅነው። አንደኛውን ጎን ወደ ላይ የሚከፈት በር አደረግነው፤ ሲከፈት ጥላ ይሆናል። ሁለት እጅ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ቀባን።

ሥራው ሲያልቅ ክሬን አስመጥቼ ዕቃው ሁሉ ውስጡ እንዳለ አስነሳሁት። ከማዕዘን ማዕዘን ሲባጎ ወጥሬ ነበር፤ ጎኑ ቢጎብጥ ሲባጎው ያሳብቅበታል። አንድ ሜትር ያህል ተነስቶ አየር ላይ ቆመ። ሲባጎው ንቅንቅ አላለም። ማርታ አጨበጨበች፣ እኔም ደስ አለኝ። በዚህ ሙያ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አስጠነቀቅኩ። ኮንቴይነሩ የሚያርፍበት መሬት ካዘነበለ ወለሉ ይጣመማል፣ ወለሉ ከተጣመመ ቶርኖው የሚቀርፀው ዘንግ አንድ ጫፉ ይወፍራል። ስለዚህ ቀበሌው ቦታ ያዘጋጅ፣ አፈሩ ይደልደል፣ ጠጠር ይልበስ፣ ከዳር እስከ ዳር ከአንድ ጣት በላይ ማዘንበል የለበትም አልኩ። ካልሆነ ዕቃዬ እንዳይወርድ ብዬም አከልኩበት። ማርታ ይህንኑ ሳትጨምር ሳትቀንስ ለቀበሌው ሰዎች ነገረቻቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። ሰው አካፋና ዶማ ይዞ በተስተካከለ ቀይ አፈር ላይ ተሰልፏል። ከፊት የቆሙት ሽማግሌ አቶ ሐመሶ እንደሚባሉና ሥራውን ያስተባበሩት እሳቸው እንደሆኑ ነገረችኝ።

ኮንቴይነሩ መጀመሪያ ለምርቃት ተብሎ ወደ ተቋሙ ግቢ ሄደ። ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ኬክ ተበላ። ከንግግር አድራጊዎቹ ሁሉ ስለ ቶርኖ አንዲት ቃል የተናገረ አልነበረም። ማርታን ከማሽኑ አጠገብ አቁመው ፎቶ አነሷት። አስተባባሪው በወሩ ሌላ ከተማ ሌላ ፕሮጀክት አግኝቶ ሄደ። ኮንቴይነሩ ካፍቴሪያው ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ቀረ።

ምን እንደሚጠበቅ ማርታ ጠየቀች። የመውጫ ፈቃድ ነው ተባለች። ፈቃዱን የሚፈርመው የንብረት ክፍል ኃላፊው ነው። እሱ ደግሞ ከተቋሙ ዲን የጽሑፍ ትእዛዝ ይምጣልኝ አለ። ዲኑ ይህ የንብረት ክፍል ሥራ ነው ብለው መለሷት። ስድስት ደብዳቤ ጻፈች። ስድስቱም ገቢ ተደርገው ቁጥር ተሰጣቸው፤ መልስ ግን የለም። በዚህ መሃል አቶ ሐመሶ በየሳምንቱ ይደውሉላታል፣ እሷም በሚቀጥለው ሳምንት ትላቸዋለች።

ራሴ ሄድኩ። የንብረት ኃላፊው ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ትሁት ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ዕቃው በስሙ ገቢ እንደተደረገ፣ ጥበቃ በሌለበት ቀበሌ ሦስት ወር ተቀምጦ አንዲት የትራፓኖ ጫፍ ብትጠፋ ተጠያቂው እሱ እንደሆነ አስረዳኝ። የተሠራው እኮ እንዲሄድ ነው አልኩት። አውቃለሁ አለ። ታዲያ አልኩት።

«ጋሽ ማርቆስ፣ እኔ አይሂድ አላልኩም» አለኝ። «ፈርሜ ግን አልልክም።»

ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። በሩን ባላጋጨው ደስ ይለኝ ነበር፣ አጋጨሁት።

ክረምት ሲቃረብ ከዚያው ቢሮ ተደወለልኝ። ጎርፍና ነፋስ እንዳያንቀሳቅሰው የኮንቴይነሩ አራት ማዕዘን ሲሚንቶ ውስጥ ከተቀበሩ ብረቶች ጋር እንዲበየድ ተወስኗል አሉኝ። ቶርኖ የተጫነበትን ኮንቴይነር የሚያንቀሳቅስ ጎርፍ ቢመጣ ግቢው ራሱ የሚተርፍ አይመስለኝም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ለክረምቱ ብቻ ነው፣ መስከረም ላይ እርስዎው መጥተው ይቆርጡታል አሉኝ። እሺ አልኩ።

ለምን እሺ እንዳልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ሌላ በያጅ ቢልኩ ማዕዘኑን ያበላሽብኛል ብዬ ነው። ያኔ ለራሴ የነገርኩት ይህን ነበር። እውነቱ ግን ተቋሙ የቆየ ደንበኛዬ ስለነበረ እምቢ ማለት ፈራሁ። የንብረት ኃላፊውን ፈሪ ብዬ ስሰድብ ከርሜ ተራዬ ሲደርስ እኔም ያው ሆንኩ።

ሦስተኛውን ማዕዘን በይጄ ጭንብሉን ሳነሳ ማርታ ቆማ ታየኛለች።

«ይህን እርስዎ ነዎት የሚበይዱት?»

«ለክረምቱ ነው፤ መስከረም ላይ እቆርጠዋለሁ» አልኳት።

ብየዳውን ጎንበስ ብላ አየችው። ጥሩ ብየዳ ነበር፣ እሷም ታውቃለች።

«እንግዲያው ለአቶ ሐመሶ እርስዎ ይንገሯቸው» አለች። «እኔ መዋሸት ደክሞኛል።»

አራተኛውን ማዕዘን በየድኩና ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ።

መስከረም መጣ። መቁረጫዬን ይዤ ብሄድ ጥበቃው ፈቃድ የለዎትም ብሎ ከበር መለሰኝ። በጥቅምት የኮንክሪት ደረጃ ተሠራለት፣ በኅዳር የቆርቆሮ ታዛ ወጣለት። የተሰበረ ወንበርና የድሮ ፈተና ወረቀት ማስቀመጫ አደረጉት። የወረቀት ካርቶኑን የደረደሩት ቶርኖው ላይ ነው። ማርታን ደግሞ ተንቀሳቃሽ ወርክሾፕ ስለሌለ ብለው የዚያው መጋዘን ቁልፍ ያዥ አደረጓት። ሚሊሜትርን መቶ ቦታ ከፍላ እየለካች የምትቀርፅ ሴት ካርቶን ትቆጥራለች። ይህን ስሰማ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ታኅሣሥ ላይ ማርታን አስከትዬ ቀበሌው ሄድኩ። እስከ ወረዳው ከተማ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር፣ የቀረውን በእግር ሄድን። በመንገዳችን ሁሉ የምናገረውን ሳሰላስል ነበር። ንብረት ክፍሉን፣ ዲኑን፣ አስተባባሪውን ሁሉ እሰድብላቸዋለሁ፣ ሰዎቹም ከኔ ጋር ይናደዳሉ ብዬ ነበር።

አቶ ሐመሶ በቀጥታ ወደ ቦታው ወሰዱን። ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነው። ዙሪያውን ከብት እንዳይረግጠው በእሾህ አጥረውታል። ሣር አልበቀለበትም፤ ይነቅሉታል ማለት ነው። ጠጠሩ አዲስ ነበር። መለኪያ ሊቬላ አልያዝኩም፣ ግን በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔ አይሳሳትም፣ መሬቱ ልክ ነበር።

ሽማግሌው አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው። ከመናገሬ በፊት እሳቸው ጀመሩ።

«መሬቱ ነው አይደል? በክረምቱ በዚህ በኩል ትንሽ ወርዶ ነበር፣ እውነት ነው። ግን አስተካክለናል። ስናስተካክለው ይሄ ሦስተኛችን ነው። አሁንም ልክ ካልሆነ ይንገሩን፣ እንደገና እንሠራለን።»

ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የራሳቸው እየመሰላቸው አፈር ሲደለድሉ ኖረዋል። ያ ከአንድ ጣት በላይ እንዳያዘነብል ያልኩት፣ ዕቃዬ አይወርድም ብዬ የፎከርኩት ነው እንደዚያ ያሳሰባቸው። ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ። መሬታችሁ ልክ ነው፣ ከመጀመሪያውም ልክ ነበር፣ ያስቀረነው እኛ ነን አልኳቸው። ታዲያ ለምን ቀረ ብለው ጠየቁኝ። ፊርማ ስለጠፋ ነው አልኩ። ነገሩ አልገባቸውም። ማርታ በሲዳምኛ አስረዳቻቸው። እስክትጨርስ ሰሟትና አንድ ነገር ጠየቋት።

«ስንት ሰው ነው መፈረም የነበረበት ይላሉ» አለችኝ።

«አንድ» አልኩ።

ማርታ አልተረጎመችውም፤ ገብቷቸዋል። ወደ ጠጠሩ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ምሳ ብሉ ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ማንም አልሰደበኝም።

በዚያው ዕለት ማርታ ወፍጮው ላይ ዘንጉ የሚገባበትን ቦታ ለካች። ዘንጉን ሀዋሳ አንድ የግል ቶርኖ ቤት ተከራይታ ቀረፀችው። እስኪገጥም አራት ጊዜ ተመላለስን። ወፍጮው አሁን ይሠራል። ከዚያ ቀጥሎ ኮንቴይነሩን ይጠብቁ ለነበሩት ቀበሌዎች ግን ማን እንደነገራቸው፣ ምን እንደነገራቸው አላውቅም። ማርታ ቁልፉን አስረክባ ተቋሙን ለቃለች፤ የተከራየችበት ቶርኖ ቤት ቀጥሯታል። ኮንቴይነሩ ካፍቴሪያው ፊት ለፊት አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የበየድኳቸውን አራት ማዕዘኖች አያለሁ፣ ደሜም ይፈላል።

ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ከመሥራታችሁ በፊት ማን እንደሚያንቀሳቅሰው እወቁ። እኔ አሁን ከግቢ ሲወጣ የሚፈርመው ሰው ስምና ፊርማ ውሉ ላይ ካልሰፈረ ሜትር አልዘረጋም። ሁለት ደንበኞች በዚህ ምክንያት ወደ ሌላ ብየዳ ቤት ሄደዋል። ይሂዱ።